የደስታው ሸለቆ በር

በማሠልጠኛ ተቋማችን የታሪክ ክፍል ዕጩ መምህራንን ይዘን ለማስተማር ልምምድ ወደ መተማ በወረድን ጊዜ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የጽሑፍ ሥራ ሰጥተን ነበር። ርእሱ «ጉድለት የሌለባት ከተማ የመቆርቆር ሥልጣን ቢሰጣችሁ ምን ዓይነት ከተማ ትቆረቁራላችሁ?» የሚል ነበር። ተማሪዎቹ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን የከተማቸውንም ካርታ ሠርተው አቀረቡ። ካርታዎቹን ሰብስበን ስንመለከታቸው አንድ ነገር አስገረመን። አብዛኞቹ ተማሪዎች ከውሃው ጉድጓድ፣ ከትምህርት ቤቱና ከጤና ጣቢያው አስቀድመው ያሰመሩት አጥሩን ነበር። ሌባ እንዳይገባ፣ በጥባጭ እንዳይገባ፣ በሽታ እንዳይገባ ተብሎ የታጠረ አጥር ነው።

አንዲት ተማሪ ግን ጓደኞቿ ሥራቸውን እያነበቡ ሳሉ እጇን አውጥታ «ከተማዋ ባትስማማኝ በየት በኩል እወጣለሁ?» ስትል ጠየቀች። ክፍሉ ሳቀ፤ ለመልሱ ግን እኛም ተቸገርን። የልጅቷ ወላጆች ለሥራ ወደ ገዳሪፍ ተሻግረው ብዙ ዓመት ከኖሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ልጆቻቸውን ይዘው በዚያው በር የተመለሱ መሆናቸውን በኋላ ሰማን።

የልጅቷ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሰው ልጅ ስለ ፍጹም ኅብረተሰብ ያለመውንና የጻፈውን ሁሉ ለመመዘን የሚበቃ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ለማሳየት እንሞክራለን። ርእሰ ጉዳዩ በተለምዶ የአውሮፓውያን ሥነ ጽሑፍ ብቻ ተደርጎ ይቆጠራል። ሆኖም አገራችን ኢትዮጵያ፣ በተለይም ከጎንደር በመተማና በገላባት አድርጎ ወደ ገዳሪፍና ወደ ሰናር የሚወርደው መንገድ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው። (በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።)

ቃሉና ምኞቱ

እንግሊዛዊው ቶማስ ሞር በ1516 በላቲን ቋንቋ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ «ዩቶፒያ» የምትባል ደሴት ፈጠረ። ስያሜውን ከግሪክ ቃላት የቀመረው ሲሆን ትርጉሙ «የትም የሌለ ቦታ» ማለት ነው፤ በአነጋገር ግን «መልካም ቦታ» ከሚለው ጋር ይመሳሰላል። በደሴቲቱ ላይ የግል ሀብት የለም፤ ሰው ሁሉ በቀን ስድስት ሰዓት ብቻ ይሠራል፤ የተራበ አይገኝም። ስለዚህ መጽሐፉ በዘመኑ የነበረውን የእንግሊዝ መሬት ከበርቴና ሥራ ፈት መኳንንት የሚነቅፍ ነበር።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ሳይስተዋሉ እንዳይታለፉ እንወዳለን። አንደኛ፣ የዩቶፒያ መሥራች ንጉሥ ከሁሉ አስቀድሞ ያደረገው አገሩን ከዋናው ምድር ጋር የሚያገናኘውን መሬት አስቆፍሮ በባሕር መለየት ነው። ሁለተኛ፣ ዜጋው ከከተማ ወደ ከተማ ለመሄድ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ያለ ፈቃድ ደጋግሞ የተጓዘ ባሪያ ይሆናል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቻችን አጥሩን ያስቀደሙት ሞርን አንብበው አይደለም። ጉዳዩ ያለው በምኞቱ ባሕርይ ውስጥ ነው። ሰው መልካሙን ነገር ሲያስብ ወዲያው እንዳይበላሽበት ይሰጋል፤ ሲሰጋም ያጥራል።

በእኛም ዘንድ ቢሆን ምኞቱ ጥንታዊ ነው። በግእዝ መጻሕፍት የሚነገርለት «ብሔረ ብፁዓን» ሐሰት፣ ጠብና ስስት የሌለበት የጻድቃን አገር ነው። በግሪክና በሱርስት ቋንቋዎችም የሚታወቀው የመናኙ የዞሲማስ ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ ይህን አገር ከሌላው ዓለም የሚለየው ታላቅ ወንዝና የደመና ግድግዳ ነው። ዞሲማስ ግን ተሻግሮ አይቶ፣ ተመልሶም ያየውን ለመናገር ቻለ። ሄዶ የሚመለስ ሰው ባይኖር ኖሮ ታሪኩ ራሱ ባልተነገረም ነበር።

የገላባት መንገድ

መተማ ዮሐንስ በኢትዮጵያ በኩል፣ ገላባት በሱዳን በኩል ፊት ለፊት ይተያያሉ። በመካከላቸው ያለው በክረምት ውሃ የሚወርድበት፣ በበጋ የሚደርቅ ፈፋ ነው። ገዳሪፍ ከዚያ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ይህ መንገድ የመንግሥቱ ምዕራባዊ በር ነበር። በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1699 ከሰናር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የገባው በዚሁ አቅጣጫ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም ከጎንደር ወጥቶ በ1772 ወደ ሰናር የወረደው ራስ አል ፊል ይባል በነበረው በዚሁ የቆላ ወሰን አልፎ ነው።

ብሩስ በ1790 አምስት ክፍል ያለው የጉዞ መጽሐፍ ሲያሳትም የለንደን ሰዎች ብዙውን ነገር ልብ ወለድ ነው ብለው ሳቁበት። ይህን ያደረጉበት ምክንያት ግልጽ ነው። እነርሱ ስለ ኢትዮጵያ አስቀድመው በምናባቸው የሠሩት ሥዕል ስለነበረ ዓይኑ አይቶ የመጣው ሰው የሚነግራቸው ነገር ከሥዕሉ ጋር አልገጥም አላቸው።

ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ለሐጅ ጉዞ የተነሡ ተክሩሮችም በገላባት ሠፍረው፣ በራሳቸው ሼኾች እየተዳደሩ፣ ጥጥና ማሽላ እያረሱ ይኖሩ ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1862 በሥፍራው ባለፈ ጊዜ ሼኹ ለግብፅም ለኢትዮጵያም ግብር እንደሚከፍል ጽፏል። ገበያው ቡና፣ ሰም፣ ማር፣ ጥጥና ከብት ይገናኙበት የነበረ ታላቅ ገበያ ነው። ከዚህ ጋር አብሮ መነገር ያለበት መራራ እውነት ገላባት በ19ኛው መቶ ዓመት የባሪያ ገበያም እንደነበረች ነው። አውሮፓ ኢትዮጵያን የደስታ ሸለቆ አድርጋ በምታነብበት ዘመን፣ ከኢትዮጵያ የተነጠቁ ልጆች በዚህ በር ወደ ባርነት ይነዱ ነበር።

ከቄሱ ዮሐንስ እስከ ራሴላስ

አውሮፓ ኢትዮጵያን በምናቧ መሥራት የጀመረችው በመካከለኛው ዘመን ነው። በ1165 ገደማ «ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ» ለቢዛንጥዮን ንጉሠ ነገሥት ጻፈው የተባለ የሐሰት ደብዳቤ ተሠራጨ። በደብዳቤው የተገለጸው መንግሥት ሌባ፣ ሐሰተኛና ድኻ የማይገኝበት፣ ወንዙ ዕንቁ የሚያወርድ አገር ነው። በመጀመሪያ ይህ አገር በእስያ ውስጥ እንዳለ ይታሰብ ነበር፤ ተጓዦች በዚያ ፈልገው ሲያጡት በ14ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ አዛወሩት። በ1520 ወደ አገራችን የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቡድንም የተነሣው ይህንኑ ንጉሥ ፍለጋ ነው። ከእነርሱ ጋር የነበረው ቄስ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ቆይቶ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የነገሥታት ልጆች በአንድ ተራራ ላይ ተዘግቶባቸው እንደሚኖሩ ለአውሮፓ አወራ። ተራራው አምባ ግሸን ነው።

እኛ እንደምናውቀው አምባ ግሸን ለመሳፍንቱ እስር ቤት ነበር። የተዘጋባቸውም በዙፋን ምክንያት ሁከት እንዳይነሣ ነው። በጎንደር ዘመን ይህንኑ ሥራ ወህኒ አምባ ተረከበ፤ ዛሬ እስር ቤትን «ወህኒ» የምንለው ከዚሁ በመነሣት ነው። ወሬው ባሕር ተሻግሮ ሲሄድ ግን እስር ቤቱ ገነት ሆነ። ጆን ሚልተን በ1667 ባሳተመው ታላቅ ግጥም ስለ ገነት ሲናገር የኢትዮጵያ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያኖሩበትን የአማራ ተራራ ለንጽጽር አነሣ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ጆንሰን በወጣትነቱ፣ በ1735፣ የኢየሱሳዊውን የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር። በ1759 እናቱ በሞተች ጊዜ ለቀብሯ ወጪ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ አጭር ልቦለድ ጻፈ። የልቦለዱ ባለታሪክ የኢትዮጵያ ልዑል ራሴላስ ነው። ልዑሉ የሚኖርበት «የደስታ ሸለቆ» በተራሮች የተከበበ ሲሆን ምግቡ፣ ዘፈኑና መዝናኛው ሁሉ ተሟልቶ ይቀርባል። መግቢያው ታላቅ የብረት በር ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ንጉሡ ሲመጣ ብቻ ይከፈታል፤ አንድ ጊዜ የገባ ሰውም አይወጣም። ራሴላስ ምንም ሳይጎድለው አዘነ። ከእኅቱ ከነቃያና ከጓደኞቹ ጋር ተራራውን ሰርስሮ ወጣ። በካይሮና በሌሎችም ሥፍራዎች የደስታን ኑሮ ፈልጎ በአንድ ቦታ ተሟልቶ አላገኘውም፤ በመጨረሻም ወደ አገሩ ለመመለስ አሰበ።

ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ ባያያትም አንድ ነገር በትክክል ተረዳ። ሚልተን ገነት ያደረገውን ተራራ እርሱ ወደ እውነተኛው ባሕርዩ መለሰው። በሩ ከውጭ የተዘጋ ገነት እስር ቤት መሆኑን አስረዳ። ከእርሱ በኋላ የተነሡ የምናባዊ ልቦለድ ጸሐፊዎችም ይህንኑ ሐሳብ በየዘመናቸው ሠርተውበታል። ሩሲያዊው ዛምያቲን በ1920 እና 1921 የጻፈው «እኛ» የተባለ ልቦለድ ሁሉም ሰው በቁጥር የሚጠራበትን፣ ቤቱ ከመስተዋት የተሠራበትን፣ ዙሪያው በአረንጓዴ ግንብ የታጠረበትን ከተማ ያሳያል። አሜሪካዊቷ ኧርሱላ ለግዊን በ1974 ባሳተመችው ልቦለድ ደግሞ ያለ መንግሥት በእኩልነት የሚኖር ሕዝብ በጨረቃ ላይ ሠፍሮ እናያለን፤ ታሪኩ የሚጀምረው ግን በመንኰራኩር ጣቢያው ዙሪያ ባለው ግንብ ነው። ግንቡ የሚያግደው ውጭውን ነው ወይስ ውስጡን? የሚለው ጥያቄ እስከ መጽሐፉ መጨረሻ ይዘልቃል።

የአማርኛ አንባቢም ከዚህ ክርክር ሩቅ አልነበረም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም፣ የቅኖችና የደግ አድራጊዎች መኖሪያ» የተባለውን ልቦለድ አሳተሙ። አርእስቱ ራሱ እንደሚናገረው መጽሐፉ የተሻለ ኅብረተሰብ ምኞት ነው። ነገር ግን ባለታሪኩ አወቀ አጥር አያጥርም፤ ወደ አውሮፓ ሄዶ ይማራል፤ ተመልሶም በወገኖቹ መካከል ኖሮ በሠርግ፣ በተዝካርና በመሰሉት ልማዶች ላይ እየተከራከረ ለውጥ ለማምጣት ይጥራል። የኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ደግሞ የጆንሰንን ራሴላስ ወደ አማርኛ መልሰውታል። አባት የአገሩን ልጅ ልከው መለሱት፤ ልጅ ደግሞ በባዕድ ብዕር የተሰደደውን ልዑል ወደ አገሩ ቋንቋ አስገቡት።

ክንፍ የሠራው ሰው

በራሴላስ ውስጥ አንድ ምዕራፍ የሳይንስ ልቦለድ ቀዳሚ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በደስታ ሸለቆ ውስጥ የሚኖር አንድ ብልኅ ሠሪ የሌሊት ወፍ ክንፍ የመሰለ መብረሪያ ለመሥራት ይነሣል። ለልዑሉ ግን ጥበቡን ለሌላ እንዳይገልጽ ቃል ያስገባዋል። ምክንያቱም ክፉዎች በሰማይ ለመምጣት ከቻሉ ተራራም ግንብም ባሕርም ደጉን ሰው እንደማያድነው ያውቃል። ክንፉ በመጨረሻ አልሠራም፤ ሰውዬው ከሐይቅ ውስጥ ወደቀ።

ይህ ሥጋት በ1759 ምናብ ብቻ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ግን ኢትዮጵያውያን የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ሲወርድባቸው እውነት መሆኑን አዩ። በገላባትም እንዲሁ ሆነ። ኢጣሊያኖች በሐምሌ ወር 1940 ገላባትን ያዙ። በኅዳር 6 ቀን 1940 በብርጋዴር ስሊም የሚመራው የእንግሊዝና የህንድ ጦር ምሽጉን መልሶ ቢይዝም፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ሰማዩን ስለተቈጣጠሩት መተማን ለመያዝ ሳይችል ወደ ኋላ ለማፈግፈግ ተገደደ። የገላባት ምሽግ ግንብ ከላይ ለሚመጣው አልበጀም። አጥር ብቻውን ደኅንነት እንደማይሆን ልብ ወለዱ 181 ዓመት ቀድሞ ተናግሮ ነበር።

ፍጹሙን ሥርዓት በምድር ላይ

ፍጹም ኅብረተሰብ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በመሬት ላይም ተሞክሯል። ሙከራውም በገላባት በኩል ወደ እኛ ደርሷል። በ1881 መሐመድ አሕመድ በአባ ደሴት መሐዲ መሆኑን አወጀ። የሱዳን ሕዝብ በቱርክና በግብፅ አገዛዝ ግብርና ጅራፍ ተማርሮ ስለነበር በጭቆና የተሞላች ምድር በፍትሕ ትሞላለች የሚለው ተስፋ እንደ ሰደድ እሳት ተቀጣጠለ። ተከታዮቹ ሀብታምና ድኻ ሳይባል የተጣፈ ጁባ ለበሱ፤ ምርኮውና ሀብቱ «በይት አል ማል» በተባለው የጋራ ግምጃ ቤት ተከማቸ። የመሐዲው ጦር በጥር ወር 1885 ካርቱምን ያዘ። መሐዲው በዚያው ዓመት ሲሞት ሥልጣኑ ለኸሊፋ አብዱላሂ ተላለፈ።

የተስፋው መነሻ እውነተኛ ጭቆና መሆኑን ማንም ታሪክ አስተማሪ ሊክደው አይገባም። ነገር ግን ፍጹም ነኝ ያለ ሥርዓት ከጎኑ የተለየ ሥርዓት ሲኖር መታገሥ ያስቸግረዋል። ጠቡም የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1887 ገላባትን ወግተው አቃጠሉ፤ በዓመቱ የአቡ አንጃ ጦር ንጉሡን ሳር ውኃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደርን ዘረፈ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው ዘምተው በመተማ ተዋጉ፤ ቆስለውም በማግሥቱ አረፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከሁለቱም ወገን ማየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የከብት እልቂትና ድርቅ ያመጣው ክፉ ቀን ሕዝቡን ፈጀ። በሱዳንም በ1889 እና በ1890 ታላቅ ረሀብ ሆነ። የተክሩሮቹ ገበያ ፈረሰ። ሁለት ግብር እየከፈሉ በሁለት መንግሥታት መካከል ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ጉድለት የበዛበት ኑሮ ነበራቸው፤ ግን ያርሱ፣ ይነግዱና ይጋቡ ነበር። የፍጹም ሥርዓት ምኞት ከጦርነት ጋር ሲጋባ ያንን ጎደሎ ኑሮም አጠፋው። በመጨረሻ ግንቦት 15 ቀን 1902 ዐፄ ምኒልክና እንግሊዝ በተፈራረሙት የወሰን ውል መተማ በዚህ፣ ገላባት በዚያ ሆነው ቀሩ።

የተሰወረችው ከተማ

ይህ ወሰን በተሠመረበት በዚያው በ1902፣ በአሜሪካ አገር በቦስተን ይታተም በነበረ የጥቁሮች መጽሔት ላይ ፖውሊን ሆፕኪንስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ጸሐፊ «ከአንድ ደም» የተባለ ልቦለድ በተከታታይ ማውጣት ጀመረች። ባለታሪኩ የሕክምና ተማሪ ነው። ጥቁርነቱን ደብቆ የሚኖረው ይህ ሰው በሱዳን ወደሚገኘው ወደ ጥንታዊው ሜሮዌ ፍርስራሽ ከአሳሾች ጋር ይሄዳል። እዚያም ተላሳር የምትባል የተሰወረች ከተማ ያገኛል፤ ሕዝቧ የጥንት ኢትዮጵያን ጥበብ ሳይበረዝ ጠብቆ ያቆየ ነው።

ሆፕኪንስ ይህን የጻፈችው ዓድዋ ድል ከሆነ ስድስት ዓመት ብቻ ባለፈበት፣ በአገሯ ጥቁሮች በአደባባይ በሚሰቀሉበት ጊዜ ነው። ለእርሷና ለአንባቢዎቿ «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም ለክብራቸው መጠጊያ ነበረ። ሰው ፍጹም አገርን በምናቡ የሚሠራው በቂ እንጀራ ስላለው ሳይሆን የሚኖርበት አገር ሰው አድርጎ ስላልቈጠረው ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። ስለዚህ ምናባዊ ልቦለድ የሥራ ፈት ሰው ጨዋታ ነው የሚለው አስተያየት ትክክል አይደለም። ሆኖም ሆፕኪንስ ታሪኳን የምትዘጋው ንጉሡ የኃያላኑን መንግሥታት ወደ አፍሪካ መግፋት በሥጋት ሲመለከት ነው። ተላሳርም በሯ አሳስቧታል።

ተማሪዎቻችን በደንብ የሚያውቋት ዋካንዳ የዚህች ከተማ ታናሽ እኅት ናት ለማለት ይቻላል። ዋካንዳ በ1966 በአሜሪካ የሥዕል መጽሔት ላይ ተፈጠረች፤ በ2018 ደግሞ ታዋቂ ፊልም ተሠራላት። በፊልሙ ውስጥ ዋካንዳ ከዓለም ተሰውራ የበለጸገች አገር ናት። ነገር ግን የታሪኩ ክርክር «ወንድሞቻችን ሲጨቆኑ በራችንን ዘግተን መኖር ይገባናልን?» የሚል ነው። ንጉሡም በመጨረሻ በሩን ለመክፈት ይወስናል።

ወደ ኢየሩሳሌም

የምናብ አገር ሰውን ከመቀመጫው አንሥቶ በእግሩ እንዲሄድ የማድረግ ኃይል አለው። ለዚህ ከቤተ እስራኤል የበለጠ ምስክር የለም። በ1862 አባ ማሃሪ የተባሉ መነኵሴ ብዙ ሰው አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ተነሡ፤ ባሕሩ ይከፈትልናል የሚል እምነት ነበራቸው። ጉዞው በረሀብና በበሽታ ከሸፈ።

መንገዱ በእውነት የተከፈተው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በገላባትና በአርማጭሆ ቆላ በኩል ነው። በ1970ዎቹ ማብቂያና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሺህ የሚቈጠሩ ቤተ እስራኤል ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ ወደ ገዳሪፍ አካባቢ ወረዱ። በኡም ራኩባና በሌሎች የስደተኛ ሠፈሮች ሲጠባበቁ ብዙዎች በበሽታ አለቁ፤ በመንገድና በሠፈሩ የሞቱት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ከኅዳር ወር 1984 እስከ ጥር 1985 በተደረገው ምስጢራዊ የአውሮፕላን ጉዞ ወደ እስራኤል የተወሰዱት ብዙ ሺህ ናቸው። እዚያ ሲደርሱም የጠበቃቸው በምናባቸው የነበረው አገር ብቻ አልነበረም። አይሁድነታቸው በጥያቄ ውስጥ ገብቶ ሥርዓት እንዲፈጽሙ በመጠየቃቸው በ1985 በኢየሩሳሌም የተቃውሞ ሰልፍ ወጡ። ወደ ምኞት አገር የደረሰ ሰው ቅር ሲለው ሐሳቡን በአደባባይ ለመናገር መቻሉ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

በሩም ሥራውን አላቆመም። በኅዳር ወር 2020 በትግራይ ጦርነት ምክንያት የኡም ራኩባ ሠፈር እንደገና ስደተኛ ተቀበለ። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ደግሞ ሰው የሚጎርፈው ከሱዳን ወደ መተማ ሆነ። ሁለቱ ሕዝቦች በየተራ አንዱ ለሌላው መጠጊያ ሆነዋል። ፍጹም ያልሆነ ጎረቤት በሩን ስለከፈተ ብዙ ነፍስ ተርፏል።

በአገራችን የተሞከረው

በመንግሥት ዕቅድ የተሻለ ኑሮ ለመፍጠር የተደረገውን ሙከራ የእኛ ወላጆች በሕይወታቸው አይተውታል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜና ከዚያ በኋላ 600,000 ያህል ሰዎች በሠፈራ ፕሮግራም ከቀያቸው ተነሥተዋል። በመንደር ምሥረታም ሚሊዮኖች ቤታቸውን አፍርሰው በተሠመረ መስመር ላይ እንደገና እንዲሠሩ ተደርጓል። በወረቀት ላይ ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩና ውሃው ቅርብ ነበር። ገበሬው ግን «እምቢ ብልስ?» ብሎ ለመጠየቅ አልቻለም። መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲለወጥ ብዙዎቹ መንደሮች የፈረሱትም ስለዚህ ነው።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ከመተማ በስተ ምሥራቅ፣ ከጣና ማዶ በፎገራ ያለችው አውራ አምባ ትንሽ ናት። ዙምራ ኑሩ የተባሉ ገበሬ ከጥቂት ተከታዮች ጋር በ1972 መሠረቷት። ሴት ታርሳለች፤ ወንድ ይጋግራል፤ አረጋውያን በማኅበሩ ይጦራሉ። መሬቱ ስለማይበቃ ኑሯቸውን የመሠረቱት በሽመናና በወፍጮ ነው። በአምልኮ ሥርዓት ከጎረቤቶቻቸው ስለሚለዩ ብዙ ተነቅፈዋል፤ በ1980ዎቹ ማብቂያ ተሳድደው ወደ ቦንጋ በኩል ተሰደዱ፤ የተመለሱት በ1993 ነው። በሐሳባቸው ሁሉ መስማማት ግዴታ አይደለም። ልዩነቷ ግን አባል መሆን የሚሻ አምኖበት የሚገባባት፣ ያልፈለገም የሚወጣባት፣ እንግዳ መጥቶ የሚጠይቅባት መሆኗ ነው። ስለዚህም ከሌሎቹ ሙከራዎች ይልቅ ሰንብታለች።

ለክፍላችን

መምህራን ሆይ፣ ይህን ርእስ በታሪክ ወይም በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ለማስተማር ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ተማሪዎቹ የየራሳቸውን ከተማ ከሠሩ በኋላ ካርታውን እንዲለዋወጡና እያንዳንዱ በጓደኛው ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው ሆኖ እነዚህን ጥያቄዎች እንዲጠይቅ ማድረግ ይበቃል። ውሃ የሚቀዳው ማነው? እንጀራ የሚጋግረውስ? ዳኛው ሲሳሳት ለማን ይነገራል? ከሩቅ የመጣ የተራበ ሰው ምን ይባላል? ያልተስማማ ሰው በየት በኩል ይወጣል? የወጣውስ ተመልሶ መምጣት ይችላል?

እኛም በመተማ በሁለተኛው ቀን እንዲህ አደረግን። ተማሪዎቹ አጥሩን አላፈረሱትም፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ምክንያታቸውን አስረዱ። እኛም ሌባና ሽፍታ ባለበት አገር ለሚኖር ልጅ አጥር አትሥራ አንለውም። አብዛኞቹ ግን እርሳሳቸውን አንሥተው በአጥሩ ላይ በር ጨመሩ። ያቺ ተማሪ በካርታዋ ላይ ሁለት በር ሠርታ ነበር፤ አንዱ ወደ ጎንደር፣ አንዱ ወደ ገዳሪፍ። በሁለቱም አጠገብ ማረፊያ ዛፍና የውሃ እንስራ ሥላለች። ለመንገደኛ ነው አለችን።